የአበልጅ ክዳን

በሞዬ ፓምፓ ሸለቆ ካሉት ቤቶች ግማሹን ያቆመው ካሲያኖ ቴራሳስ ነው። ጭቃውን የሚረግጠው ራሱ፣ ገለባውን የሚቀላቅለው ራሱ፣ ጡቡን ከእንጨት ፎርማ አውጥቶ ፀሐይ ላይ የሚደረድረው ራሱ። «የካሲያኖን ግድግዳ በሬ ቢወጋው የሚሰበረው ቀንዱ ነው» እንል ነበር፤ እውነትም ነው። እጁ ሙያ ያውቅ ነበር። አፉ ግን ምንም አያውቅም። ጎረቤት ሄዶ እሳት መጫር እንኳ ያሳፍረዋል። ሲያዝዙት እሺ ይላል፣ ሲሰድቡት ኮፍያውን ያስተካክላል፣ የሚፈልገው ነገር ሲኖር ደግሞ ሰው እስኪገምትለት ድረስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ዝም አይነቅዝም ይባላል። በካሲያኖ ቤት ግን ነቀዘ፤ እኔ አይቻለሁ።

በእኛ ዘንድ ቤት ክዳኑ ላይ ሲደርስ አባት ያስፈልገዋል። ልጅ ያለ ክርስትና አባት እንደማይነሳ ሁሉ ክዳንም ያለ አባት አይወጣም። የክዳኑ አባት የሚሆነው ሰው ሳሩን ከደጋ ያስጭናል፣ ወራጁን ያመጣል፣ የሚታሰርበትን ጠፍር ከራሱ በሬ ቆዳ ይተለትላል። ጉልላቱ ላይ መስቀል የሚተክለው እሱ ነው፤ የመጀመሪያውን ዋንጫ ቺቻ፣ የበቆሎ ጠላችንን፣ ሳሩ ላይ የሚያፈሰውም እሱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከባለቤቱ ጋር አበልጅ ናቸው። አበልጅ በሕይወት እያለ ደግሞ ክዳኑ አይፈርስም። ሲያረጅ ሌላ ሳር ከላይ ይደረብበታል እንጂ የታችኛውን የሚነካ የለም። የነካ እንደሆነ የአበልጁን ሞት ጠራ ይባላል።

ካሲያኖ ፕሪሚቲቫን ሲያገባ የክዳን አባት የሆኑለት ታታ ኤውሎሂዮ፣ እንደ አባባ ማለት ነው፣ ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት የሚበልጡት፣ በጎች ያሏቸው፣ ቃላቸው በስብሰባ የሚሰማ ሰው። ሳሩን በአሥራ አንድ አህያ አስጭነው መጡ። አራት ቀን ተበላ፣ ተጠጣ። በአራተኛው ቀን እሳቸው ጉልላቱ ላይ ተንፈራጠው ዋንጫውን እያነሱ፦ «ይሄ ሳር ከራሳችሁ ላይ የሚነሳው እኔ አፈር ስገባ ነው!» ብለው ጮኹ። ሁላችንም ሳቅን። ካሲያኖ አልሳቀም። እንደ መሐላ ያዘው።

ፕሪሚቲቫ የሞተችው በሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ከማሳ በቆሎ ተሸክማ ስትመጣ ድንጋይ ላይ አረፍ አለችና «ትንሽ ልተንፍስ» አለች፤ አልተነሳችም። ይህን ዓይነት ሞት በሸለቋችን እናውቀዋለን። እርፍ እንደያዘ የወደቀ አለ፤ በበዓል ቀን ሲጨፍር የወደቀ አለ። ነፋስ መታው እንላለን፣ ወይም ደንግጦ ነው እንላለን። ቀና ብሎ ክዳኑን ያየ አልነበረም። ፕሪሚቲቫ ለካሲያኖ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ትታለት ሄደች፤ ስሟ ዜኖቢያ ይባላል።

ከአራት ዓመት በኋላ ሊዲያ የምትባል ጤና ረዳት ከከተማ መጣች። ወጣት ናት፣ ቀጭን፣ ድምጿ ግን የገበያ ነጋዴ ድምፅ። ትምህርት ቤቱ ግቢ ሰበሰበችንና ከክብሪት ቀፎ ውስጥ አንዲት የደረቀች ቪንቹካ አውጥታ አሳየችን። ማን አያውቃትም! ትኋን ብንላት ትኋን ትንሽ ናት፤ ይቺ የትኋን አያት ናት። ቀን ከሳሩና ከግድግዳው ስንጥቅ ትደበቃለች፣ ሰው ሲተኛ ከላይ ትወድቅና ከፊቱ ደም ትመጥጣለች። ጠዋት አንሶላው ላይ ነጠብጣብ እናያለን፣ እናጥበዋለን፣ አለቀ።

«አላለቀም» አለች ሊዲያ። «ነክሳችሁ እዚያው ኩሷን ትጥላለች። ስታኩት በቁስሉ ወደ ደም ይገባል። ከዚያ አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት ልባችሁ ውስጥ ተቀምጦ ቀስ እያለ ይበላችኋል።»

«ሃያ ዓመት ልብ የሚበላ?» አለ አንዱ ከኋላ። «የኔ ሚስት ናታ!»

ሚስትየው አጠገቡ ነበረች፤ በኮፍያዋ መታችው። ተሳቀ። ካሲያኖ ግን ስለ ድንጋዩና ስለ በቆሎው ሸክም እያሰበ ነበር። ያን ቀን ማታ ንፍሮውን ሳይነካው አደረ።

ሊዲያ የልጆቹን ደም ወሰደች። ካሲያኖም ሰጠ። በወሩ ወረቀቱን ይዛ መጣች። የካሲያኖ ደም ውስጥ በሽታው አለ። የዜኖቢያ ግን ንጹሕ ነው።

«ዶን ካሲያኖ፣ የእርስዎ ልብ እስካሁን ደህና ነው፤ ብዙ ሰው እንደያዘው አርጅቶ ይሞታል» አለችው። «እሷ ግን አልተነካችም። ከእንደዚህ ያለ ቤት ንጹሕ ልጅ ማግኘት ዕድል ነው። እንዲሁ እንዳለች ያቆዩልኝ።»

«አቆያታለሁ» አለ። በዚህ ዓለም የቀረችው እሷ ብቻ ናትና ከልቡ ነበር።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ኖራ፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ በመኪና መጣ፤ ጉልበቱ በወንፈል፣ የእኛ። ሃምሳ ሁለት ቤት። በሁሉም ላይ አለቃው ካሲያኖ ነበር። ስንጥቅ ሲያይ ጣቱን ከትቶ ጥልቀቱን ይለካል፤ ከዚያ ምርጊቱን አቅጥኖ ይደፍነዋል፣ በእርጥብ ቆዳ ያሸዋል፣ በላዩ ኖራ ይቀባል። የሰው ግድግዳ ሁሉ እንደ ሳህን ለሰለሰ። የራሱንም ግድግዳ ከውስጥ ከውጭ ለሰነ። ለክዳኑ ደግሞ አሥራ አራት ቆርቆሮ ደረሰው። አሥሩን ከጓሮ ግድግዳ አስደገፋቸው። አራቱን የዶሮ ቆጥ ከደነባቸው።

ሊዲያ ለመጨረሻ ጊዜ ስትጎበኝ ያንን ቆጥ አየች።

«ዶን ካሲያኖ! ዶሮዎችዎ በቆርቆሮ፣ ልጅዎ በሳር?»

«ክዳኑ የታታ ኤውሎሂዮ ነው።»

«ቤቱ የማን ነው?»

«የኔ።»

«ታዲያስ?»

«ሰውዬው እየሄዱ እየመጡ ነው እኮ፣ ዶኛ ሊዲያ። በሬ የመሰሉ ሰው ናቸው። እንዴት ብዬ ላፍርሰው?»

«ሄደው ይጠይቋቸዋ!»

«ምን ብዬ? ሞትዎን መጠበቅ ሰለቸኝ ልበላቸው?»

ሊዲያ ሳሩን በረጅም እንጨት ወጋ ወጋ አደረገችው። ሦስት ድርብ ነበር፤ የታችኛው እንደ ከሰል ጠቁሯል። መድኃኒት ብትረጭበት ላዩን ነው እንጂ ውስጡን እንደማያገኘው ነገረችው። ካሲያኖ ራሱን ነቀነቀ። «እሳቸው ሲያርፉ በማግስቱ አነሳዋለሁ» አላት። ታታ ኤውሎሂዮ ያን ጊዜ ሰባ ዓመታቸው ነበር። ሰባ ዓመት ላይ ያለ ሰው ስንት ይቆያል ብሎ ነበር የገመተው። እግዜር ይቅር ይበለው፤ በልቡ ሞታቸውን እየጠበቀ በአፉ ዕድሜ ይስጥልኝ ይል ነበር።

ሽማግሌው ደግሞ በየቀኑ ወደ በጎቻቸው ሲወርዱ በዚያ ደጅ ነው የሚያልፉት። ሁሉም ቤት በቆርቆሮ ሲያንጸባርቅ አንዱ ብቻ ሳር ለብሶ ተቀምጧል። ከበትራቸው ላይ ደገፍ ይሉና ቀና ብለው ያዩታል።

«እንደ ቆመ ነው፣ ካሲያኖ?»

«እንደ ቆመ ነው፣ አበልጄ።»

«ተባረክ» ይላሉ፤ ይሄዳሉ። ይህቺ ንግግር ዓመት ከዓመት ሳትለወጥ ቀጠለች። ሰው ማሾፍ ጀመረ። «ታታ ኤውሎሂዮን ሞት ረስቷቸዋል፤ ሄደህ አስታውሰው እንጂ» ይሉታል ካሲያኖን ቺቻ ቤት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለዚህ ነው።

ዜኖቢያ በአሥራ ሦስት ዓመቷ አንድ ጠዋት አንደኛው ዓይኗ አብጦ ተነሳች። የዓይኗ ቆብ ወይን ጠጅ መስሏል፤ አያምም፣ አይመግልም፣ ግን ተደፍኗል። ሊዲያ በዚያ ዓመት ወደ ሌላ ሸለቆ ተዛውራ ነበር። ካሲያኖ «ሸረሪት ናት» አለ። ቅጠል አሙቆ አሰረላት። ትምህርት ቤት «ቦክሰኛዋ መጣች! ማንን መትተሽ ነው?» እያሉ አሾፉባት። እሷም ቡጢዋን እያሳየች ታስቃቸው ነበር። በሦስት ሳምንት እብጠቱ ጎደለ። ተረሳ።

ዜኖቢያ አደገች፤ ሳቂታ ሆነች፣ የአባቷን ዝምታ በእጥፍ የምትናገርለት ልጅ ሆነች። ዊልፍሬዶ የሚባል ልጅ አገባች፤ እሱ የዓመቱን ግማሽ ሸንኮራ ቆረጣ ቆላ ስለሚወርድ ከአባቷ ቤት አልወጣችም። በሃያ አንድ ዓመቷ አረገዘች። ለእርግዝናው ክትትል ከተማ ሄዳ ደም ሰጠች።

ወረቀቱን ያመጣችው ሊዲያ ነበረች። ወደ እኛ ተመልሳለች፤ ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል፣ ድምጿም ዝቅ ብሏል። ዳገቱን በእግሯ ወጥታ ካሲያኖ ጭቃ ሲረግጥ አገኘችው። ሳሩን አየችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

«ዶን ካሲያኖ፣ የዜኖቢያ ዓይን አብጦ ያውቃል? በልጅነቷ፣ አንደኛው ብቻ?»

ካሲያኖ ከጭቃው መሐል ቁጭ አለ። ቅጠሉ፣ ሸረሪቱ፣ ቡጢዋ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣበት።

«በሽታው የገባባት ያኔ ነው፤ በሳምንቱ ብናገኘው ኖሮ መድኃኒቱ ጠርጎ ያወጣው ነበር» አለች ሊዲያ። «አሁን አላውቅም። ከወለደች በኋላ እንሰጣታለን። ሕፃኑን ደግሞ ስትወልድ እናየዋለን።»

በማግስቱ ካሲያኖ ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ የሚታኘክ ትንሽ የኮካ ቅጠል በጨርቅ ቋጥሮ ወደ ታታ ኤውሎሂዮ ቤት ሄደ። ሽማግሌው ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ደጃፋቸው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለ በጎቹ እግር አወሩ። ድንቹን ስለመታው ውርጭ አወሩ። ፀሐይ ከፊታቸው ተነስታ ከኋላቸው ገባች፤ ካሲያኖ የመጣበትን አንዲት ቃል መተንፈስ አልቻለም። ሊሄድ ሲነሳ ሽማግሌው በበትራቸው እግሩን ነካ አደረጉት።

«ተቀመጥ። ልጅህ ታማለች አሉ።»

«አዎ፣ አበልጄ።»

«ከሳሩ ነው አሉ።»

ካሲያኖ ኮፍያውን አስተካከለ።

«ለምን አላነሳኸውም?»

«እርስዎ... እርስዎ እያሉ...»

ታታ ኤውሎሂዮ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ከዚያ የተናገሩትን ካሲያኖ ለማንም አልተናገረም፤ የነገሩኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

«ያቺ የጤናዋ ልጅ ያን ጊዜ እኔ ዘንድም መጥታ ነበር። ፍቀድለት፣ አንድ ቃል በለው አለችኝ። ራሱ ይምጣ፣ ይጠይቀኝ አልኳት። አልመጣህም። እኔም በየቀኑ ሳሩን ሳየው ደስ ይለኝ ነበር፣ ካሲያኖ። ሰው ሁሉ የአበልጁን ሲያነሳ የኔ አበልጅ አከበረኝ እያልኩ። የኔን ቤት እኮ በዚያው ዓመት በቆርቆሮ አስከድኛለሁ። ራስህ አይደለህ እንዴ የሠራኸው?»

እውነት ነው። በገዛ እጁ ሠርቶላቸዋል። የሳቸውን የከደነላቸው አባት ቀድሞ ሞቶ ነበርና የሚያሰጋ ነገር አልነበረም። ያኔ ምስማሩን ሲመታ ምን አስቦ እንደነበር ካሲያኖ አያስታውስም።

ክዳኑን በሳምንቱ አነሳነው። ታታ ኤውሎሂዮ በሁለት ሰው ተደግፈው መሰላል ወጡና የመጀመሪያውን እፍኝ ሳር በእጃቸው ነቀሉት። አቧራው አስነጠሳቸው። አፋችንን ከፍተን አየናቸው፤ አንዲት ሴትዮ አማተበች። ሽማግሌው አፍንጫቸውን ጠረጉና «ምን ታፈጣላችሁ? ሳቡት!» አሉ። ከሳሩ ሥር የወጣውን አልዘረዝርም። ከግቢው ማዶ በእሳት አቃጠልነው፤ ሲቃጠል ይንጣጣ ነበር። ዜኖቢያ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ከሩቅ ቆማ ታይ ነበር።

ቆርቆሮው ከጓሮና ከዶሮ ቆጥ ወጥቶ ቤቱ ላይ ወጣ። አሥራ ሦስቱ በቃ፤ አንዱ ተረፈ። ካሲያኖ መልሶ ግድግዳ አስደገፈው። ዶሮዎቹን እንጃ፤ ከዚያ ወዲያ አላረባም።

ዜኖቢያ ሴት ልጅ ወለደች፤ ኔይዳ አሏት። ደሟ ንጹሕ ሆነ። ያን ቀን ካሲያኖ ሲያለቅስ አየሁት፤ ለፕሪሚቲቫ እንኳ በሰው ፊት አላለቀሰም ነበር። ዜኖቢያ ኪኒኑን ሁለት ወር ዋጠች። ሰውነቷ ሽፍ አለ፣ እግሯ ደነዘዘ፣ ግን ሳታቋርጥ ጨረሰች። ለጥቂት ዓመት የዳነች መሰለን።

ሃያ ስምንት ሲሞላት እግሯ ማበጥ ጀመረ። ከምንጭ ውሃ ስታመጣ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ማረፍ፤ ጋደም ስትል መታፈን፤ ግድግዳ ተደግፋ መተኛት። ከተማ ያለ ሐኪም የደረቷን ሥዕል አንስቶ ልቧ ከልክ በላይ መስፋቱን ነገራት። ስትመለስ ሰፈሩን አሳቀችው፦ «ቻይ ነሽ፣ ልበ ሰፊ ነሽ ትሉኝ አልነበር? ሐኪሙም በሥዕል አይቶ አረጋገጠላችሁ።» ደረት ውስጥ የሚተከል፣ ልብን የሚያግዝ መሣሪያ እንዳለም ተነገራት። ከዚያ መሣሪያ ለእኛ የደረሰን ስሙ ብቻ ነው።

አንድ ከሰዓት አባትና ልጅ ደጃፍ ላይ በቆሎ ይፈለፍሉ ነበር። ዜኖቢያ ቀና ሳትል ጠየቀችው።

«አባ፣ ለምን አልጠየቅካቸውም?»

«አፈርኩ፣ ልጄ።»

ፍሬው ቁና ውስጥ ይወርዳል።

«እኔም እኮ ጠዋት ጠዋት ከትራሴ ላይ አነሳቸው ነበር» አለች። «ገድዬ በአመድ እሸፍናቸዋለሁ። እንዳታይ። አንተን ክዳኑን አንሳው ማለት አፍሬ ነው።»

ካሲያኖ የያዘውን የበቆሎ ቆረቆንዳ ጨበጠው። እሷ ግን ክንዱን ቸብ አደረገችና «በል ፈልፍል፣ ደግሞ ሊመሽ ነው» አለችው።

በሠላሳ ሁለት ዓመቷ፣ በጠዋት፣ በዚያው ደጃፍ ድንች እየላጠች ሞተች። ቢላዋው ከእጇ ሲወድቅ የሰማችው ልጇ ኔይዳ ናት። ዜኖቢያ እናቷ የሞተችበት ዕድሜ ላይ እንኳ አልደረሰችም።

በእኛ መቃብር ላይ ትንሽ ቤት ይሠራል፤ የጭቃ ጡብ፣ እስከ ጉልበት የምትደርስ። ካሲያኖ ማንም አያግዘኝ አለ። ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በሽታው ደሙ ውስጥ እንዳለ፣ ልቡም እንደ በሬ እየመታ፣ ጭቃውን ብቻውን ረገጠ። ጡቡን አቆመ፣ ለሰነ፣ በእርጥብ ቆዳ አሸው። ከዚያ በግድግዳዋ ላይ ጣቱን እያስኬደ ስንጥቅ ይፈልግ ጀመር። የለም። እንደገና ይዞራል፤ እንደገና የለም። በመጨረሻ የተረፈውን ያንን አንድ ቆርቆሮ በጀርባው አምጥቶ ከደናት።

ታታ ኤውሎሂዮ መጥተው ነበር። ዘጠና ሁለት ዓመታቸው ነው፤ በአህያ ጭነው ነው ያመጧቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዩ። ሌላው ሰው ሲበተን ሁለቱ ቀሩ፤ እኔ አህያይቱን ይዤ ቆሜ ነበር።

«ካሲያኖ» አሉ ሽማግሌው። «እኔ ስሞት ቆርቆሮ እንዳታለብሰኝ። በሳር ክደነኝ። የሚገባኝ እሱ ነው።»

ካሲያኖ ከቆርቆሮው ላይ ቀና አለ። እጁ ኖራ ለብሷል።

«እርስዎ ደግሞ መች ይሞታሉ!» አለ።

በአርባ ዓመት ውስጥ ለአበልጁ የተናገረው ክፉ ቃል ይህ ብቻ ነው። ጮክ ብሎ ነበር ያለው፤ ድምፁ ራሱን አስደነገጠው። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ካሲያኖ የእጁን ኖራ ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ሄዶም ብብታቸውን ይዞ አስነሳቸው። አህያይቱ ላይ አወጣቸውና ቁልቁለቱን እስኪወርዱ ድረስ ጀርባቸውን ደግፎ ሄደ።